ራግቢ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ሰሞኑን እዚህ ሱሉልታ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ አንድ የሰፈር ልጅ አስቆመኝና «ጋሼ፣ ራግቢ እንጀራ ይሆናል?» አለኝ። የኬንያ ልጆች ያንን ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው ሲሮጡና ሲጋፉ ስልኩ ላይ አይቶ ነው። ጡረታ የወጣሁ ፊዚዮቴራፒስት መሆኔን እንጂ ናይሮቢ በራግቢ ክለብ መሥራቴን አያውቅም። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ይሆናል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። በራግቢ ዩኒየን፣ ማለትም በዋነኛው በአሥራ አምስት ሰው በሚጫወቱት ራግቢ፣ ለተጫዋች መክፈል የተፈቀደው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እኔ ናይሮቢ ሳለሁ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ቀን ቢሮ ውለው ማታ ነበር የሚለማመዱት።

ከነሱ መሀል አንድ የእኛ ልጅ ነበር። እናቱ ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ልብስ እየቸረቸሩ ያሳደጉት፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ። በመስመር በኩል ኳስ ከያዘ የሚደርስበት የለም። አንድ ቅዳሜ ታክል ሲገባ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ይዞ ሊጥል ሲወረወር፣ ጭንቅላቱ ከሰው ጉልበት ጋር ተላተመ። ወዲያው ተነሳ፣ ተጨበጨበለት፣ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ከጨዋታው በኋላ የተጣመመ ጣቱን በፕላስተር እያሰርኩለት «ማን አሸነፈ?» አለኝ። ነገርኩት፣ ደስ አለው። ፕላስተሩን ሳልቆርጥ «ማን አሸነፈ?» አለ። የሚቀልድ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳየው በሌላ እጁ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ይጎነጉናል፣ ደግሞ ይፈታል። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። ያኔ አንጀቴ ተላወሰ።

ለአሠልጣኙ በቃል፣ ለክለቡ በጽሑፍ «ይረፍ» አልኩ። እሺ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በሳምንቱ አሰላለፉ ሲለጠፍ ስሙ አለበት። እሱም «ከቀረሁ ቦታዬን ይወስዱብኛል» አለኝ። ገባ፣ ደግሞ ተመታ። ከዚያ በኋላ የመብራት ብርሃን ያመው ጀመር። መጽሐፍ ሲገልጥ ራሱ ይዞርበታል። ትምህርቱን ተወ፣ ክለቡም ውሉን አላደሰለትም። እናቱ ክሊኒክ ድረስ መጥተው «ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። እዚያ ሜዳ ላይ የእኔ ሥራ መምከር ነበር። «አይገባም» ብሎ የሚያስቆም ግን አንድም ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አሁን ደንቡ ጠበቅ ብሏል፤ ጭንቅላቱን ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል። ለብዙዎች ግን ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳው ስቲቭ ቶምፕሰን ገና በ40ዎቹ ዕድሜው የመርሳት በሽታ እንዳለበት ተነግሮታል። ያን ዋንጫ ማሸነፉን እንኳ እንደማያስታውስ ራሱ ተናግሯል።

ልትጫወቱ ለምታስቡ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ አላወራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። አንገታችሁን ግን በልምምድ አጠንክሩ። የዛሬ ልጆች ጂም ስትገቡ ደረትና ክንድ ብቻ ነው የምታሳብጡት፣ ፎቶ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ። ስክረም ውስጥ፣ ሁለቱ ቡድኖች ጎንበስ ብለው ተቆላልፈው የሚገፋፉበት ውስጥ፣ ስትገቡ ደረታችሁን ማንም አያየውም።

እንዲህ እያልኩ አትሂዱ የምል እመስላለሁ። እኔው ነኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ኬንያ ሲንጋፖር ላይ በሰባት ሰው በሚጫወቱት ራግቢ ፊጂን 30 ለ7 ስትረታ ሳሎን ውስጥ የጮህኩት። ባለቤቴ እሳት የተነሳ መስሏት ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ፊጂ እኮ በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች አገር ናት! እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሱሉልታውን ልጅ እግር ሳይ ልቤ ይሸፍታል። ቀጭን ነው፤ ለአሥራ አምስቱ ጨዋታ አይሆንም። በሰባት ሰው የሚጫወቱት ግን እያንዳንዱ አጋማሽ 7 ደቂቃ ነው፣ ሩጫ በሩጫ። እዚህ ከፍታ ላይ ላደገ ልጅ አይከብድም።

ከሄዳችሁ ትምህርታችሁን እንደያዛችሁ ሂዱ። የኬንያ ካፒቴን የነበረው ሃምፍሪ ካያንጌ ዛሬ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነው። እዚያ በእግር ብቻ አይደረስም።

ውል ሲሰጧችሁ ደግሞ የደሞዙን ቁጥር አይታችሁ አትፈርሙ። ብጎዳ ደሞዜ ስንት ወር ይቀጥላል በሉ። ቀዶ ጥገና ቢያስፈልገኝ ማን ይከፍላል በሉ። ሐኪሙ አይጫወትም ካለ አሠልጣኙ ሊሽረው ይችላል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። በእንግሊዝኛ መጠየቁ ከከበዳችሁ ቤቴ ኑ፣ እኔ ጽፌ እሰጣችኋለሁ።