ጉበኑን ያለፈ ሞተርሆም ውስጥ ምን ይመታዋል?

ጥያቄ፦ 24 ጫማ ርዝመት ያለው ያገለገለ ሞተርሆም (ውስጡ መኖሪያ የሆነ መኪና) ገዝተን በቤታችን ጎን ጋራዥ እያሠራንለት ነው። የመኪናው ቁመት ጣራው ላይ እስካለው ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) አናት 11 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፤ ኤሲው የተገጠመው ከኋላ ጎማው 5 ጫማ ያህል ወደ ኋላ ነው። የበሩ ክፍት ቁመት 12 ጫማ ይሆናል። ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው መግቢያ 24 ጫማ ሲሆን 2 ጫማ ሽቅብ ይወጣል። የምናስገባው በኋሊት ነው። 6 ኢንች ትርፍ አይበቃም? (አንባቢ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ መግቢያው ሜዳ ቢሆን ይበቃችሁ ነበር። የእናንተ ግን በእያንዳንዱ ጫማ 1 ኢንች የሚወጣ አቀበት ነው። በኋሊት ስትገቡ ኤሲው ጉበኑን (የበሩን የላይ አግዳሚ) በሰላም ያልፋል፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ጎማዎቹ በሙሉ አቀበቱ ላይ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው የኋላ ጎማዎቹ በሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ነው። የፊት ጎማዎቹ ገና ታች ስለሆኑ ጅራቱ ወደ ላይ ይቀሰራል፤ በ5 ጫማ ርቀት ላይ ያለው ኤሲ 5 ኢንች ከፍ ይላል ማለት ነው። ከ6 ኢንቹ የሚተርፈው 1 ኢንች ብቻ ነው። ቦታውም ከበሩ 5 ጫማ ወደ ውስጥ፣ የተከፈተው በር ከጣራው ሥር የሚጋደምበት ነው። አንድ ጊዜ ፍሬን ተይዞ መኪናው ቢወዛወዝ ያቺ 1 ኢንች አለቀች። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ጉበኑን ስለሆነ፣ የኤሲው ክዳን መሰንጠቁ የሚታወቀው በድምፁ ነው።

በፊት ለፊት ብትገቡ ስሌቱ ይለወጣል። ኤሲው በሩ ሥር ሲደርስ አራቱም የጎማ ቦታዎች ወለሉ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ከ11 ጫማ ከ6 ኢንች በላይ አይወጣም። ከፊት ጎማው የቀደመው አፍንጫ ግን 3 ጫማ ከሆነ 3 ኢንች ይነሣል፤ ከሾፌሩ በላይ ያለውን የአልጋ ክፍል ቁመት ለብቻው ለኩት። እኛ የምንመክረው ይህንን አገባብ ነው።

ኋሊት መግባት ግድ ከሆነ፣ በሩ ገና ካልታዘዘ 14 ጫማ እዘዙ። የከተማው ፈቃድና የሰፈሩ ማኅበር ደንብ ያን ያህል ቁመት ካልፈቀዱ፣ በሩ ከመጋደሙ በፊት ግድግዳውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ከፍ ያለ ሐዲድ አስገጥሙ፤ መክፈቻ ሞተሩም ጎን ላይ የሚታሰር ዓይነት ይሁን። ለዚህ ግን ከጉበኑ በላይ በቂ የጣራ ቁመት ያስፈልጋል። የበሩን ሞላ ራሳችሁ እንዳትነኩ፤ ተጠምዝዞ የታመቀ ኃይል ስላለው እጅ ይሰብራል።

ስትለኩ ታንከሮቹ ባዶ ይሁኑ፣ የጎማው ነፋስም ሙሉ። ውሃ የጫነ መኪና ሞላው ላይ ስለሚቀመጥ አጥሮ ይታያል። በሩ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ከወለሉ እስከ ተከፈተው በር የታችኛው ጠርዝ ለኩ፤ አንዳንዱ በር ከጉበኑ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። የአቀበቱን ልክ በ4 ጫማ ውሃ ልክ አረጋግጡ፦ አንዱን ጫፍ መሬት አስይዞ አረፋው መሃል እስኪቆም ሌላውን ማንሣትና ከሥሩ ያለውን ክፍተት መለካት ነው። 4 ኢንች ከሆነ ስሌታችን ልክ ነው።

ታችኛውንም አትርሱ። ከኋላ ጎማው ያለፈው አካል 8 ጫማ ከሆነ፣ መንገዱና አቀበቱ በሚገናኙበት ቦታ ጅራቱ ከመሬት ያለው ርቀት 8 ኢንች ይቀንሳል፤ በየትኛውም አገባብ ያው ነው። መጀመሪያ የሚጫረው የፍሳሽ ቱቦው ወይም የመጎተቻ ብረቱ ነው። ሰያፍ ይዞ በዝግታ መውጣት ይረዳል።

ጥያቄ፦ ለሞተርሆማችን ጋራዥ ውስጥ 30 አምፕ ሶኬት ልናስገባ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ 240 ቮልት ነው ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አስቁሙት። በአሜሪካ የሞተርሆም 30 አምፕ ሶኬት 120 ቮልት ነው። ሦስት ቀዳዳ ስላለው ከልብስ ማድረቂያ ሶኬት ጋር እያምታቱ 240 የሚያስገቡበት አሉ፤ ውጤቱ የተቃጠለ ማይክሮዌቭ፣ የባትሪ መሙያና ኤሲ ነው። የሚያስፈልገው ነጠላ የ30 አምፕ ብሬከርና 10 ጌጅ የመዳብ ሽቦ ነው፦ አንድ ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል፣ አንድ ኧርዝ። ከመሰካታችሁ በፊት በሁለቱ ሰያፍ ቀዳዳዎች መካከል በሜትር ለኩ፤ 120 አካባቢ ካላሳየ አትሰኩ። 50 አምፕ የሚወስደው ትልቁ ሞተርሆም ግን ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት አለው፤ 240 የሚገባው ለእሱ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ሲያድር ፍሪጁ በጋዝ ቢሠራ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የውሃ ማሞቂያው እሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ታች ነው። ከመግባታችሁ በፊት ጋዙን ከታንከሩ ቫልቭ ዝጉት፣ ፍሪጁን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሩት። ጄኔሬተሩን በሩ ክፍት ቢሆንም ውስጥ አታስነሡ።