ታጉ የተጻፈበትን ነው የሚናገር፦ ስለ ስማርት ታግና ስለ ጓዳችን ዕቃ ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ እንዴት አመሻችሁ ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት አንዷ አባላችን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ፎቶ አንስታ "ይሄ ነገር ምን ይሠራል?" ካለች ወዲህ ጥያቄው ስለበዛ፣ ጋሼን ለምነን ዛሬ ማታ ተቀምጠውልናል። ጋሼ ከደሴ እየተነሱ ለዓመታት ክትባት ወደ ቆላው ወረዳ ያደረሱ፣ አሁን ፒያሳ ፍሪጅና ስልክ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። አቦሉ ቀርቧል፣ ጀባ በሉና ጠይቁ።

የወልድያ ልጅ፦ ጋሼ፣ ስለ ስማርት ታግ ቢያብራሩልን?

ጋሼ፦ እንዲህ ሰፍቶ ሲጠየቅ እስከ ንጋት ብናወራም አያልቅ። ባጭሩ ልበልና እንለፍ። በአንድ ስም የምትጠሯቸው አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው በካሜራ የሚነበብ ምልክት ነው፤ ባርኮድም ኪውአርም እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ቺፕና ቀጭን ጥምዝ አንቴና ያለው ስቲከር ነው፤ ስልክ ጥቂት ሴንቲሜትር ሲጠጋው የሚነበበው ኤንኤፍሲ ይባላል፣ መጋዘን ውስጥ ከሜትሮች ርቀት የሚነበብ ዘመድም አለው። ባትሪ የለውም፤ ጉልበቱን ከሚያነበው መሣሪያ ነው የሚወስድ። ሦስተኛው ባትሪ ያለው፣ በብሉቱዝ የጠፋ ቁልፍ የሚፈለግበት ነው። አራተኛው ሙቀት ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ስቲከር ነው፤ ስለ እሱ ጠይቁኝ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ሦስቱ የተጻፈባቸውን ነው የሚናገሩ። ወተቱን አላሸተቱትም፣ ዘይቱን አልቀመሱትም።

እናት ከሸዋ በር፦ ጋሼ፣ ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ላይ ማለቂያው 03/2026 ይላል። እኛ አሁን 2018 ሚያዝያ ላይ ነን። ጎረቤቴ "ገና ስምንት ዓመት ይቆያል" ብላ ለልጇ እያበጠበጠች ነው። እውነት ነው?

ጋሼ፦ እትዬ፣ መልሴን አንብበው ሳይጨርሱ ሄደው ይንገሯት። አልቋል። 03/2026 ማለት በፈረንጆቹ እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው፤ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2018 አለፈ።

ይሄ የጎረቤትዎ ስህተት ብቻ አይደለም፣ በየቤቱ ያለ ነው። ከውጭ የሚመጣው ቆርቆሮ ሁሉ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኛ በራሳችን። ከጥር እስከ ነሐሴ ያለ የፈረንጅ ወር ከሆነ ስምንት ይቀንሱ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሰባት። መስከረም ላይ አዲስ ዓመታችን በ11 ስለሚገባ እዚያ ወር ላይ ቀኑንም ማየት ነው። ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፣ አትደባልቁት፤ 03 ሲል ሦስተኛው የእነሱ ወር እንጂ ኅዳር አይደለም።

ስማርት ታግ ለእኛ ቤት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የለመድነው ባለ መስመር ባርኮድ አሥራ ሦስት አኃዝ ብቻ ነው የሚይዝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የተነበበው ሰኔ 26 ቀን 1974 በፈረንጆች፣ አሜሪካ ኦሃዮ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ በአንድ እሽግ ማስቲካ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ያው ነው፣ "ይሄ የትኛው ዕቃ ነው" የሚለውን መመለስ። ቀን የለበትም። አዲሱ ባለ ነጠብጣብ ካሬ (እንደ ኪውአሩ ያለው) ግን የዕቃውን ቁጥር፣ የምርት ዙሩንና የማለቂያ ቀኑን አብሮ መያዝ ይችላል። የዓለም ሱቆች ካሽ ማሽን ይሄንን እንዲያነብ የተቀመጠው ግብ 2027 መጨረሻ ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ቀኑ በውስጡ የሚጻፈው ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ስድስት አኃዝ ነው። ስልክ ያንን አንብቦ "መጋቢት 22 ቀን 2018 አልቋል" ብሎ በአማርኛ ለመናገር የሚያቅተው ነገር የለም። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩ ልጆች ካላችሁ፣ የመመረቂያ ሥራ ፍለጋ አትንከራተቱ፣ ይሄው።

ባለሱቅ ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ደንበኞቼ ባርኮዱ በ6 ከጀመረ ፎርጅድ ነው እያሉ ሳሙና እየመለሱብኝ ነው።

ጋሼ፦ ሐሰት ነው። የመጀመሪያዎቹ አኃዞች የሚያሳዩት ድርጅቱ ቁጥሩን የወሰደበትን አገር ነው እንጂ ዕቃው የተሠራበትን አይደለም። ኦሪጅናልነትንም አያሳዩም። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ካርቶኑን ሙሉ ሲቀዳ ባርኮዱን ይተወዋል?

የባቲ ነጋዴ፦ እኔ ግን በልምድ ያየሁት ልክ ነው። በ6 የሚጀምረው ሳሙና አረፋም አያወጣ፣ አያጥብም።

ባለሱቅ ከኮምቦልቻ፦ አንተ ሰኞ ገበያ ላይ ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ስትገዛ ባርኮድ ነበረው?

የባቲ ነጋዴ፦ ቅቤ የምገዛው ከደንበኛዬ ነው። ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። እሷ እያለች ታግ ምን ያደርግልኛል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የታመነ ሰው ይበልጣል።

ባለሱቅ ከኮምቦልቻ፦ የታመነው ሰውስ የገዛው ከማን ነው? እኔ ራሴ ከአከፋፋይ የተቀበልኩት ሳሙና ነው ያዋረደኝ።

አወያይ፦ ወገን፣ የቅቤውን ነገር ሌላ ቀን። ጋሼ ይቀጥሉ።

ሰላም ከወልድያ፦ ዋጋው ስንት ነው?

ጋሼ፦ የምኑ? ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ዛሬ ተናግሬ ነገ ከባለሱቅ ጋር አላጣላችሁም። እለፉኝ።

የሐይቅ ልጅ፦ ጋሼ፣ አባቴ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነ። እኔ ሥራ ስሆን ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውንና የስኳሩን ብልቃጥ በመዳሰስ መለየት አቃታቸው፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ባለፈው ዘይት ብለው የሳሙና ፈሳሽ ወጥ ላይ ጨምረዋል። የሚረዳን ነገር አለ?

ጋሼ፦ አለ፣ ልጄ። አብሽር። ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

የምትፈልገው የኤንኤፍሲ ስቲከር ነው፤ ክብ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ ከጀርባው ሙጫ አለው። መጀመሪያ የአባትህ ስልክ ኤንኤፍሲ እንዳለው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እይ፤ ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ የላቸውም፣ ሳታይ ስቲከር እንዳትገዛ። ከዚያ ነፃ የመጻፊያ አፕ አውርደህ በእያንዳንዱ ላይ "የግፊት፣ ጠዋት አንድ" ብለህ ትጽፋለህ። ስልኩ ላይ የጽሑፍ ማንበቢያ ድምፅ ስታበራ፣ አባትህ የስልኩን ጀርባ ብልቃጡ ላይ ሲያሳርፉ ይነግራቸዋል። የአማርኛው ንባብ ካልጣመህ፣ ጽሑፍ በመጻፍ ፈንታ ታጉ በራስህ አንደበት የቀዳኸውን ድምፅ እንዲከፍት አድርገው። አባት የልጁን ድምፅ ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ስትገዛ ሦስት ቁጥር ታያለህ፦ ኤንታግ 213፣ 215 እና 216። 213 የሚይዘው 144 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲፈጅ የእኛ ፊደል ሦስት ይፈጃል። ስለዚህ 213 ላይ ከአርባ አምስት ፊደል ብዙም አታልፍም። ለመድኃኒት ይበቃል። ረዘም ያለ ነገር ከፈለግህ 216 ግዛ፣ 888 ባይት ነው።

ብረት ላይ እንዳትለጥፍ። የዘይት ቆርቆሮ ላይ ከለጠፍኸው ድምፁ አይወጣም፤ ብረቱ ማዕበሉን ይውጠዋል። ፕላስቲክ ክዳኑ ላይ ለጥፈው። የመድኃኒቱ ቅጠል አሉሚኒየም ከሆነ ካርቶኑ ላይ ይሁን፣ ከቅጠሉ ራቅ ብሎ።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ብልቃጡ ሲያልቅና ሌላ መድኃኒት ስትሞላበት ታጉን እንደገና ጻፍ። ታጉ የተጻፈበትን ነው የሚናገር። የስኳሩን ብልቃጥ በግፊት ታግ ከተውኸው አባትህን በራስህ ድምፅ ታሳስታቸዋለህ። ባይሆን ሲያልቅ ብልቃጡን ከነታጉ ጣለው። ለሳሙናው ደግሞ ታግም አያሻ፣ አንገቱ ላይ ጎማ እሰርበት፤ ጣት ቶሎ ያውቀዋል።

በሌላው ዓለም ለዓይነ ስውራን ብዙ ተሠርቷል። ሶልቬይጋ ፓክሽታይቴ የምትባል ወጣት እንግሊዝ አገር ሆና ጄላቲን ያለበት ስቲከር ፈለሰፈች፤ ምግቡ ደኅና ሳለ ስትዳስሰው ለስላሳ ነው፣ ሲበላሽ ጄላቲኑ ይቀልጥና ከሥሩ ያለው ጉብታ በጣት ይታወቃል። በፈረንጆች 2014 እዚያው እንግሊዝ የጄምስ ዳይሰንን ሽልማት ያስገኘላት ይሄ ነው። የቁርስ ምግብ አምራቹ ኬሎግስም በፈረንጆች 2020 የቁርስ ካርቶን ላይ ከሜትሮች ርቀት በስልክ የሚነበብ ባለ ቀለም ኮድ ሞክሯል፤ ዓይነ ስውሩ ሱቅ ገብቶ መደርደሪያ ላይ የቱ የቱ እንደሆነ ስልኩ እንዲነግረው።

የሐይቅ ልጅ፦ አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ። ዛሬውኑ ስልካቸውን አያለሁ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ባርኮድ ውስጥ 666 አለ የሚባለውስ?

ጋሼ፦ ዳርና መሀል ያሉት ቀጫጭን ጥንድ መስመሮች ለማሽኑ "እዚህ ጀምር፣ እዚህ ጨርስ" የሚሉ ድንበሮች ናቸው፣ የስድስት ምልክት ስለሚመስሉ ነው። ከዚያ ያለፈውን ቄሱንም ሼኹንም ጠይቁ።

የአፋር በር፦ ኤርታግ ግመል አንገት ላይ ባስረው ከባቲ ወዲያ ቢጠፋ አገኘዋለሁ?

ጋሼ፦ አታገኘውም። ኤርታግ የአይፎን ሠሪው የአፕል ባለ ብሉቱዝ ታግ ነው፤ በውስጡ ጂፒኤስ የለም። በአጠገቡ የሚያልፍ አይፎን ሲያገኝ ብቻ ነው ያለበት የሚታወቅ። በረሃው ውስጥ አይፎን የያዘ ማን ያልፋል? ለቤት ቁልፍና ለከተማ ሻንጣ ነው።

ሰላም ከወልድያ፦ ታግ ያለበትን ምግብ ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባትስ?

ጋሼ፦ ንቀይው። ብልጭ ብሎ ይቃጠላል።

የሆጤ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኪውአሩን ስካን ሳደርግ የድርጅቱን ዌብሳይት ከፈተልኝ። ኦሪጅናል ነው ማለት ነው አይደል?

ጋሼ፦ ከላይ ያለውን ማን ያንብብልህ? ኪውአር ምልክት ነው፣ ምልክት ደግሞ በስልክ ፎቶ ይቀዳል። ፎርጅዱ ላይ የተለጠፈውም ቅጂ እዚያው ዌብሳይት ነው የሚወስድህ። የሚሻለው እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር ኖሮት፣ ያ ቁጥር ከዚህ በፊት ስንቴ እንደተጠየቀ የሚመልስ ሲሆን ነው። ገና አዲስ ገዝተህ "ይሄ ቁጥር ቀድሞ ተጠይቋል" ካለህ መልሰው። ደግሜ፦ የተጻፈበትን ነው የሚናገር።

የነርስ ተማሪ፦ ቀለሙ ስለሚለወጠው ጠይቁኝ ብለው ነበር። የክትባቱ ብልቃጥ ላይ ያለውን ማለትዎ ነው?

ጋሼ፦ ተባረኪ። ሌሊቱን የጠበቅሁት ጥያቄ ነው።

ክብ ሐምራዊ፣ መሀሉ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን። ሙቀት ሲከማችበት አራት ማዕዘኑ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ከክቡ ጋር ሲመሳሰል ይጣላል። በፈረንጆች 1996 በፖሊዮ ጠብታ ላይ ነው የተጀመረ። ወደ ኋላ አይመለስም፤ ብታቀዘቅዢውም የጠቆረው አይነጣም። ምልክቱ ቪቪኤም ይባላል፣ እንደ ክትባቱ ጽናት ይለያል፦ ቪቪኤም 2 የሚባለው በ37 ዲግሪ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቆይ፣ ቪቪኤም 30 ሠላሳ ቀን።

ለምን እንደምወደው ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስንወርድ መኪናችን ቆመ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስንነሳ ጋቢ ለብሰን ነበር፤ እዚያ ስንደርስ ሣጥኑ ውስጥ በረዶው ውሃ ሆኗል። እኔ "አለቀ፣ ሁሉም ይጣላል" አልኩ። ልትቀበለን የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ አንዱን ብልቃጥ አወጣች፣ ከግራሩ ጥላ ወደ ብርሃኑ ወጣ አድርጋ በሁለት ጣቷ አዞረችው። "ጋሼ፣ አራት ማዕዘኑ ገና ነጭ ነው" አለችኝ። አንድ በአንድ አየናቸው። በዚያ ቀን ሕፃናቱ ተከተቡ። ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ።

እሱም ግን የማያየው አለ። ውርጭን አያይም። ደጋ ላይ በረዶ የነካው ክትባት ቀዝቅዞ ተበላሽቶ ምልክቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ፔንታቫለንት (አምስት በአንድ የሆነው ክትባት) እና የጉበት ክትባት እንደዚያ ናቸው፤ የተጠረጠረውን ሆን ተብሎ ከቀዘቀዘ ብልቃጥ ጋር አብሮ ወዝውዞ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚዘቅጥ ማየት ነው። በትምህርታችሁ ይመጣል።

የባቲ ነጋዴ፦ እንዲህ ከሆነ ለወተትና ለሥጋ ለምን አይለጠፍም?

ጋሼ፦ ለምግብ የሚሆን አለ፤ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚለወጥ። ለእያንዳንዱ እሽግ ወጪ ይጨምራል። ከወጪው በላይ ግን የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ያደረ የሱቅ ፍሪጅ በማግስቱ ይጋለጣል። እኔ እንዲጋለጥ ነው የምፈልግ። ፍሪጅ ስጠግን የማየውን አያለሁ።

ሰላም ከወልድያ፦ ጋሼ የስቲከሩ ዋጋ...

ጋሼ፦ አልኩሽ እኮ።

እናት ከሸዋ በር፦ ጋሼ፣ ተመለስኩ። ነገርኳት፣ ደነገጠች፣ ቆርቆሮውን ደፋችው። አሁን ሌላ አምጥታ ከፍታለች፣ ይሄኛው 11/26 ይላል። አጠገቤ ቆማለች።

ጋሼ፦ አብሽሩ፣ ይሄ ገና ነው። 11 ኅዳር ላይ ስለሚውል ሰባት ይቀነሳል፤ እስከ ኅዳር 21 ቀን 2019 ነው። ያ ግን ክዳኑ እስካልተነሳ ድረስ ነው። ከተከፈተ ወር አይለፈው። እስክሪብቶ ይስጧትና የዛሬውን ቀን ክዳኑ ላይ ትጻፍ።