«ጥራት» ስንል የቱን ጥራት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። አለቃዬ ለደንበኞች የሚሰጥ የውል ወረቀት በአማርኛ አዘጋጂ አለኝ። ቃላቱ ግን ግራ አጋቡኝ። ሬዞሉሽንም «ጥራት»፣ ቢትሬትም «ጥራት» ይባላል። ፍሬም ሬት ሲጨመርም «ጥራቱ ጨመረ» ይላሉ። መተርጎሚያ ላይ ባስገባው ፍሬምን «ክፈፍ»፣ ሬዞሉሽንን «የውሳኔ ሐሳብ» አለኝ። ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። አንዱን ቃል የሦስት ቃል ሸክም አሸክመነዋል።

«ጥራት» የመጣው ጠራ ከሚለው ግስ ነው። ግእዙ ጸረየ ይላል፤ ንጹሑን ነገር ጽሩይ ይለዋል። በአማርኛ ውሃ ይጠራል፣ ሰማይ ይጠራል፣ ጠላ ይጠራል። «ጥሩ» የምንለውም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ስለዚህ «ጥራት» ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እናስባለን፤ አለመደፍረስንና መልካምነትን። ለጠላ ይህ ይበቃል። የጠራ ጠላ ጥሩ ጠላ ነው። ለቪዲዮ ግን አይበቃም።

ከፒክስል ልጀምር። ምስሉን በጣም አጉልተሽ ብታዪው ጥቃቅን ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ታገኛለሽ። አንዷ ፒክስል ትባላለች። ፉል ኤችዲ የሚባለው በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ፒክስል አለው። ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። ፎርኬ 3840 በ2160 ነው፤ 8,294,400 ፒክስል፣ የፉል ኤችዲ ልክ አራት እጥፍ። ሬዞሉሽን ይኸው ቆጠራ ነው። ስለዚህ «የፒክስል ብዛት» በዪው። «የውሳኔ ሐሳብ» የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ የሚጸድቀው ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሚጠቀም መተርጎሚያው ተሳስቷል።

ብዛትን ከጥራት ለዪው። ጋኑ ትልቅ ስለሆነ ጠላው አይጠራም። ሌንሱ ከቆሸሸ፣ ብርሃኑ ካነሰ ወይም ፎከሱ ከሳተ ፎርኬ የሚያሳይሽ ድፍርሱን በአራት እጥፍ ፒክስል ነው።

ቢትሬት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የተመደበው የዳታ መጠን ነው። «በሰከንድ የሚፈስ ዳታ» ብትዪ ማንም ይገባዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ቢትሬት የሚለካው በሜጋቢት ነው። ካርድ ሞልተን የምንገዛው ሜጋ ግን ሜጋባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ይይዛል፤ 10 ደቂቃው 600 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። ሁለቱንም በደፈናው «ሜጋ» ማለት በንግግር ችግር የለውም። በውል ወረቀት ላይ ግን ስምንት እጥፍ ልዩነት ያመጣል።

ይህን የምነግርሽ ራሴም ስለተጎዳሁበት ነው። ከዓመታት በፊት ጎጃም ውስጥ አንዲት አዛውንት እናት ሙሾ ሲያወርዱ ቀርጬ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ወደ 4 ጊጋባይት ይይዛል። የፈለግሁት ግጥሙን ብቻ አልነበረም። «ኰ» እና «ኮ» ሲሉ ከንፈራቸው እንዴት እንደሚሞጠሞጥ ማየት ፈልጌ ነበር። ኮምፒዩተሬ ሲሞላ አንድ ቪዲዮ የሚያውቅ ልጅ አሳንሶ ሰጠኝ። 300 ሜጋባይት ገባ። «1080 ነው፣ ጥራቱ አልተነካም» አለኝ። አምኜው ዋናውን አጠፋሁት። ልጁ አልዋሸም። የፒክስሉ ብዛት በእርግጥ አልተነካም። የሚፈሰው ዳታ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ቀንሷል። እናታችን ዝም ብለው ሲቀመጡ ምስሉ ደህና ነው። ደረታቸውን እየመቱ ሲነቃነቁ ግን ፊታቸው ተቦጫጭቆ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ከንፈሩ የለም። እሳቸውም አሁን በሕይወት የሉም።

ለምን ሲነቃነቁ ብቻ ተበላሸ? ቪዲዮ የሚያሳንሰው ዘዴ ሁሉንም ምስል ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም። አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው መጋረጃ ስለማይንቀሳቀስ ደጋግሞ አይጽፈውም። እስክስታ ሲጀመር ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። የተመደበው ዳታ ካነሰ አይበቃውም፤ ምስሉ ይሰባበራል። ስለዚህ የሥራሽን ጥራት ስትፈትሺ የቆሙበትን ሳይሆን የጨፈሩበትን ቦታ እዪ።

ይህን ማሳነስ ምን እንበለው? አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ ሁለት ቃል አለን። መጭመቅ እና ማመቅ። ሎሚ ሲጨመቅ ጭማቂው ይቀራል፣ ገለባው ይጣላል። ጥጥ ጆንያ ውስጥ ሲታመቅ ግን ምንም አይጣልም፤ ሲፈታ ተመልሶ ይነፋል። የዚፕ ፋይል ይታመቃል። ሲከፈት አንድ ፊደል አይጎድልበትም። የተለመደው የቪዲዮ ማሳነስ ግን መጭመቅ ነው። የተጣለው አይመለስም። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ስትልኪ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ስትልኪ እንዳለ ይሄዳል። እንግሊዝኛው ሁለቱን ለመለየት ቅጽል ይጨምራል። እኛ ግን ግሱ ራሱ ይለይልናል። ብንጠቀምበት ደስ ይለኛል።

ወደ ፍሬም እንምጣ። «ክፈፍ» ዳርን፣ ጠርዝን የሚያመለክት ቃል ነው። ለፎቶ ማቀፊያው ቢባል ያስኬዳል። በቪዲዮ ግን ፍሬም የምንለው ጠርዙን አይደለም፤ ምስሉን ራሱን ነው። ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ የቆሙ ምስሎች ናቸው፤ አንዱ የቆመ ምስል አንድ ፍሬም ነው። ሕዝቡ «ፍሬም» ብሎ ተቀብሎታል፤ እንደ «ቪዲዮ» እና «ካሜራ» ይቀጥል።

«የፍሬም ፍጥነት» የሚለውን ግን አልወደውም። ጀማሪው ቁጥሩ ሲጨምር ሰዎቹ የሚፈጥኑ ይመስለዋል። እንዲያውም ስሎው ሞሽን የሚሠራው በብዙ ፍሬም ነው። በሰከንድ 50 ፍሬም የቀረጽሽውን በ25 ብታጫውቺው አንዱ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። «በሰከንድ 25 ፍሬም» ብለሽ እንዳለ ጻፊው።

25 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ዙር የሚመላለስ ሞገድ ነው፤ የአሜሪካው 60 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። እሱን አዳራሽ ውስጥ ስትከፍቺው አንዳንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ወይም ጥቁር መስመር በምስሉ ላይ ሲሄድ ታያለሽ። ካሜራው ወይም መብራቱ ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ። ሜኑው ላይ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) የሚለውን ወደ ፓል (በሰከንድ 25 ፍሬም ወደሚሠራው) ቀይሪው፣ ሸተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጊው። አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

በቪዲዮ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ የምታዪው ኤምፒፎር ደግሞ አገልግሉ ነው። ውስጡ ምን ወጥ እንዳለ ከውጭ አይታወቅም። የወጡ ዓይነት፣ ማለትም ቪዲዮው የተጨመቀበት ዘዴ፣ ኮዴክ ይባላል፤ ኤች 264 ወይም ኤች 265 ሊሆን ይችላል። የደንበኛሽ ቴሌቪዥን አንዱን ኤምፒፎር ከፍቶ ሌላውን እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ለኤዲቲንግ «ቅንብር» ይሻላል። «አርትዖት» አርትዐ፣ ማለትም አቀና፣ ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው፤ ለጽሑፍ ማረም ይስማማዋል። አንቺ ግን የተበታተነውን ነው የምታገጣጥሚው።

ውሉን እንዲህ ብትጽፊው ደንበኛውም አለቃሽም አንድ ነገር ያነባሉ፦ «ቀረጻው ፎርኬ (3840 በ2160 ፒክስል)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ይሆናል። ተቀናብሮ የሚሰጠው ቪዲዮ ፉል ኤችዲ፣ ኤምፒፎር፣ ኤች 264፣ በሰከንድ ከ20 ሜጋቢት ያላነሰ ዳታ ያለው ይሆናል። ከካሜራው የወጣው ዋናው ፋይል ደንበኛው በራሱ ዲስክ ገልብጦ እስኪወስድ ድረስ አይጠፋም።»