ለጤና ብለን አነከስን

የጤና ቡድን ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ በአጭሩ ልንገረው። ከ30 እስከ 60 ዓመት የሆናቸው፣ ሆዳቸው ከደረታቸው ቀድሞ ኳስ ጋ የሚደርስ፣ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ተገኝተው «ለጤና ነው» እያሉ የሚራገጡ ሰዎች ስብስብ ነው። እኔም ደሴ ውስጥ የአንዱ ቡድን ግራ ተመላላሽ ነኝ። መሄዱን እሄዳለሁ፤ መመለሱ ነው ያቃተኝ። ስለ ቡድናችን ትንሽ ነገር ጫር ባደርግ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ጥያቄ ጎረፈ። ጥቂቱን እነሆ። የጠያቂዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ነገ ሜዳ ላይ መገናኘት አለና።

ከኮምቦልቻ፦ ባለፈው ወር ደሴ ወጥተን ከአንድ የጤና ቡድን ጋር ተጫወትን። ጠዋት እንደደረስን ጥብስ ፍርፍር በላን፤ እነሱም ሻይ ጋበዙን። ጨዋታው ተጀምሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሽ አጠረን። አጥቂያችን መሐል ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ቀረ። እነሱ ይስቃሉ። ሻዩ ውስጥ የሆነ ነገር ይኖር ይሆን?

ሻዩ ውስጥ ያለው ስኳር ነው ወንድሜ። በዚህ ኑሮ እሱንም ማድረጋቸው ደግነት ነው።

ጥፋተኛው አየሩ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። እናንተ የሰጣችሁት አንድ የሚኒባስ ጉዞ ነው። እስቲ አስበው፤ ሐረጎን ስትወጡ ሚኒባሱ ራሱ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የደረሰው። አንተ ምን ቆርጦህ በአራተኛ ጀመርክ?

በሚቀጥለው ስትመጡ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ኳሱን እያንሸራሸራችሁ አሳልፉት፤ እነሱ ይሩጡ። ጥብስ ፍርፍሩንም ለማታ አቆዩት። ከጨዋታ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ ቀለል ያለ ነገር ነው የሚበላው።

ደግሞ እኛም ኮምቦልቻ ስንወርድ አይቀናንም። ሙቀቱ ይጥለናል። አምና እኔ ሜዳው ጥግ ካለች ግራር ሥር «ቦታዬን ይዤ» ነው ዘጠና ደቂቃውን የጨረስኩት። ጥላዋ ስትዞር አብሬ እዞራለሁ። አሰልጣኛችን በቦታ አያያዜ አመስግኖኛል።

ከሐይቅ አካባቢ፦ ሜዳችን የግጦሽ መሬትም ነው። እሁድ ዕለት አጥቂያችን በረኛውን አልፎ ኳሷን ወደ ባዶ ጎል ላካት። የጎሉ መስመር ላይ አንድ በግ ተኝቶ ነበር። ኳሷ በጉን መታችና ተመለሰች። እኛ ጎል ነው አልን፣ እነሱ አይደለም አሉ፣ ጨዋታው ተቋረጠ። እስካሁን አንነጋገርም። እስቲ ፍረድ።

ቆይ፣ በጉ እንዴት ነው? አንድም ሰው አልጻፈልኝም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ጎል አይደለም። ጎል የሚባለው ኳሷ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ስታልፍ ነው፤ የእናንተዋ አላለፈችም። በጉ በሕጉ ዓይን የውጭ አካል ነው። ውሻም፣ አህያም፣ ሜዳ አቋርጦ ዳቦ ሊገዛ የሚሄድ ልጅም እንዲሁ። የውጭ አካል ኳሷን ካቆማት ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ ኳሷን መሬት ጥሎ ያስጀምራል። የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ነው፤ ነገሩ የሆነው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ከሆነ ኳሷ የምትጣለው ለተከላካዩ ቡድን በረኛ ነው። አዎ፣ አሁን ታልፎ አፈር የቃመው ያው በረኛ። ልብሱን አራግፎ ይቀበላታል።

ኳሷ በጉን ነክታ ብትገባስ? ያኔ ጎሉ ይጸድቃል፤ በጉ የትኛውንም ተከላካይ ኳሷን እንዳይጫወት ካልከለከለው፣ እና ጣልቃ የገባው አጥቂው ቡድን ራሱ ካልሆነ። ነገር የሚከረው እዚህ ላይ ነው። የማን በግ ነው? የአጥቂያችሁ አጎት በግ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ምክሬ፣ አንድ ተጠባባቂ ለከብት መድቡ። እኛ ዘንድ ሥራው የእኔ ነው። ከተጠባባቂ ቦታ ተነስቼ አህያ ሳባርር ያገኘሁትን ጭብጨባ በተመላላሽነቴ አግኝቼ አላውቅም።

ጎላችሁ ብረት ይሁን ድንጋይ አልነገርከኝም። ድንጋይ ከሆነ በጉን ትታችሁ በረኛውን ጠብቁ። በሕጉ ጎል ወርዱ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። የእኛ በረኛ አሥር እርምጃ ቆጥሮ ድንጋዮቹን ያስቀምጣል። ከዚያ ሁላችንም ወደ ፊት ስንሄድለት ወዲያ ወዲህ የሚያይ መስሎ በተረከዙ ገፋ፣ ገፋ። እረፍት ላይ ስንለካው ሰባት እርምጃ ሆኖ እናገኘዋለን። «መሬቱ ተንሸራቶ ነው» ይላል። ጦሳ ተራራ ሥር ስለምንጫወት ክርክሩ ውሃ ያነሳል።

ከደሴ፦ በረኛችን ነጋዴ ነው። ኳስ እንደያዘ ስልክ ይደወልለታል፤ ያነሳል። በአንድ እጁ ኳስ፣ በአንድ እጁ ስልክ። ይቻላል?

አይቻልም። ድሮ የተፈቀደው 6 ሰከንድ ነበር፤ የሚቆጥር ዳኛ ግን እምብዛም አልነበረም። ከ2017 ክረምት ወዲህ ሕጉ ተቀይሯል። በረኛ ኳስ በእጁ የሚይዘው እስከ 8 ሰከንድ ነው፤ ካለፈ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል። የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ዳኛው እጁን ከፍ አድርጎ በጣቶቹ ይቆጥርለታል።

አሁን ወሎዬ ስልክ አንስቶ በ8 ሰከንድ የጨረሰበትን ቀን ንገረኝ። «እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ቤት ደህና ነው፣ ልጆቹስ፣ እማማን ተሻላቸው፣ ዝናቡ ጣለላችሁ?» ሰላምታው ሳያልቅ ሦስት ኮርና ይመታበታል። ስልኩን ለእኔ ለአህያ አባራሪው ይስጠኝ።

ከኩታበር፦ አጥቂያችን ጨዋታው ሲጀመር ሄዶ ከተጋጣሚ በረኛ አጠገብ ይቆማል። ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ያወራሉ። ኳስ ሲደርሰው ያገባል። «በጤና ቡድን ኦፍሳይድ የለም» ይላል።

አለ። ከእጅ ውርወራ፣ ከጎል ምትና ከኮርና በቀጥታ ሲቀበል ብቻ ነው የማይያዝበት። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን ስለ ክፍያው ምን እንደተባባሉ ጠይቀህ ጻፍልኝ።

ከደሴ፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ አባት፦ 56 ዓመቴ ነው። ኳሷን የገዛኋት እኔ ነኝ። አሁን ልጆቹ ሩብ ሰዓት ሳልጫወት «ይቀየሩ ጋሼ» ይሉኛል። ኳሴን ይዤ ብወጣ ነውር ነው?

ጋሼ፣ ነውርስ አይደለም። እኛም በልጅነታችን ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ስንጫወት ባለካልሲው አይቀየርም ነበር። እናቱ ከጠራችው ግጥሚያው አለቀ።

ግን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። የጨዋታው ሕግ በአንጋፋዎችና በሠፈር ደረጃ ውድድር የተቀየረ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ለመፍቀድ በር ይከፍታል። ስለዚህ እርስዎ 15 ደቂቃ ይጫወቱ፣ ወጥተው ውሃ ይጠጡ፣ ትንፋሽዎ ሲመለስ ይግቡ። ሲወጡ ኳሷን አይያዙ። የመኪናዎን ቁልፍ ይያዙ፤ የስድስቱ ተጫዋች ልብስ እዚያ ውስጥ አይደል?

የእኛ ቡድንም ከባለኳሱ ጋር ዓመት ሙሉ ተነታርኳል። በመጨረሻ መዋጮ አውጥተን የጋራ ኳስ ገዛን። ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም እንዲሆን ብለን የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥናት። ነጋዴዋ «ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ሁለት ራስ ልጨምርበት?» አለችን። ኳሷ የጋራ ሆነች ብለን ተደሰትን። ገንዘብ ያዥ ተመረጠ፤ ያው ባለኳሱ። አሁን ኳሷ የምታድረው እሱ ቤት ነው። አሁንም አይቀየርም።

ከኮምቦልቻ፦ ቡድናችን ውስጥ ሁሉም ቅጽል ስሙ የመኪና ነው። እኔን «ፓርኪንግ» ይሉኛል። ምን ማለታቸው ነው?

ታውቀዋለህ። የእኛ መሐል ተከላካይ «ሲኖ» ነው፤ ፍሬን የለውም። የቀኝ መስመሩ «ባጃጅ»፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ ራሱም አያውቅም። አማካያችን «ቅጥቅጥ» ይባላል። ኳስ ይዞ ሲመጣ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት ይቆማል፤ አንዱን ያወርዳል፣ ሌላውን ይጭናል፣ መናኸሪያ ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል። የእኔን አልነግርህም።

ከሐይቅ፦ ቡድናችን እስላምም ክርስቲያንም ነው፤ ወሎ አይደል። በ2018 ረመዳንና ዓቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡብን። ግማሹ ውሃም አይጠጣም፣ ግማሹ እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም። እንዲህ ሲገጥም መቼ እንጫወት?

ረመዳን በፀሐይ ሲቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሳብ ሁሌ እንዲህ አይገጥሙም። ሲገጥሙ የእኛ ቡድን የጠዋቱን ፕሮግራም ወደ ማታ ያዞረዋል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን፤ እያንዳንዱ አጋማሽ 20 ደቂቃ። እንደጨረስን መግሪብ ይደርሳል። ጠማኝ የሚል ሰው ብዙ አይጠብቅም።

ከዚያ ሜዳው ዳር ምንጣፍ ይዘረጋል። ተምርና የምስር ሳምቡሳ ነው የሚቀርበው። ሁለቱም ለጾሙም ለማፍጠሪያውም ይሆናሉ፤ «ይሄ ለማን ነው?» የሚባል ሳህን የለም። ቡናው ይከተላል። አቦል ላይ ጨዋታው 3 ለ 1 እንደተሸነፍን ሁላችንም እንስማማለን። ቶና ላይ አንደኛዋ ጎል ኦፍሳይድ ነበረች። በረካ ሲደርስ አቻ ወጥተናል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ሪጎሬ ስቶ «ጾም ላይ ነኝ» የሚል አይጠፋም። የእኛው ሰውዬ መስከረም ላይም ብሎናል።

ከወልድያ፣ አንዲት እህት፦ ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው። እሁድ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ በሰው ተደግፎ መጣ። «ወጌሻ ያሸኛል፣ በሚመጣው እሁድ እጫወታለሁ» ይላል። ለጤና እያለ ቤት ውስጥ በከዘራ ነው የሚሄደው። ምን ላድርገው?

እህቴ፣ ይህን በቀልድ አላልፈውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይታሽ፣ በሙቅ ውሃም አይነከር፤ እብጠቱ ይብስበታል። እግሩን ያሳርፍ። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢለት፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ደጋግሚው። በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ይጠቅለል፣ ሲተኛም እግሩ ከፍ ይበል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ሲነካ ክፉኛ ካመመው ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ይነሳ። የወጌሻ እጅ የቱንም ያህል ቢፈታ በቆዳ ውስጥ አጥንት አያይም። ወደ ሜዳ የሚመለሰው ደግሞ በዚያው እግሩ ብቻ ሳያመው መዝለል ሲችል ነው። አንቺ ፊት ይዝለል፤ በአፉ ሳይሆን።

ወልድያ ላይ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ተመርቋል። ባለቤትሽ ወንበር መርጦ ቁጭ ብሎ ኳስ ማየት እንደሚችል ጠቁሚው። እሺ አይልም። እኔም አልልም ነበር።

ብቻ ታኬታውን አትደብቂበት። የእኔዋ ደብቃብኝ በሸራ ጫማ ገባሁ፤ ጤዛው ላይ ሸርተት አልኩ። ይህን መልስ የምጽፍልሽ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው።