የጥናት ፈቃድ ፈርመው የልጅዎን ጉልበት በነፃ ሊያስመረምሩ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ጤነኛ ሕፃናትን በኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ በሚያነሣ መሣሪያ) እያነሡ የመገጣጠሚያ ልም አጥንት (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ክፍል) የሚያጠኑ ባለሙያዎች የ11 ዓመት ልጄን እንድፈቅድላቸው ጠየቁኝ። ባለቤቴ መተማ ነው የሚሠራው። እኔ ብቻ ብፈርም ይበቃል? በዚያውም ጉልበቷን ያዩልኛል።

መልስ፦ የፊርማውን ጉዳይ በአጭሩ ልጨርስ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በትዳር ላይ ያሉ እናትና አባት የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆኑት በጋራ ነው። ባለቤትዎ ርቀው መሥራታቸው ሥልጣናቸውን አያስቀርም፤ ስምምነታቸውን በጽሑፍ ያግኙ። ልጅቷም ትጠየቅ። ይህ ሕክምና ስላልሆነ «አልፈልግም» ካለች አይጫኗት። ከፈረማችሁ በኋላም ማቋረጥ ትችላላችሁ።

እኔን ያሳሰበኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ነው። ጤነኛ ልጅ ጉልበቷ ለምን ይታያል? ያማታል? ያብጣል? ስትሮጥ ውላ ማታ ታነክሳለች? ይህን አልጻፉልኝም፤ ለአጥኚዎቹም ያልነገሯቸው ይመስለኛል። እናት ነዎትና ሐሳብዎ ይገባኛል፤ ግን እንዲህ አይሆንም።

ብዙ ወላጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጥናቱን ነፃ ምርመራ ያደርጉታል። ልም አጥንት ልጅ ሲያድግ ውፍረቱ ስለሚለዋወጥ፣ የታመመውን ለመለየት አስቀድሞ የጤነኛው ልክ መታወቅ አለበት። ልጅዎ የተፈለገችው ለዚህ ልኬት ነው። ሐኪም ለምርመራ የሚያዛቸው ሌሎች ምስሎች ላይነሡ ይችላሉ፤ የተነሡትንም የራዲዮሎጂ ሐኪም ላያነባቸው ይችላል። ስልክ ሳይደወልልዎ ሲቀር «ደህና ናት ማለት ነው» ብለው ሕክምናውን ያዘገዩታል። ነገሩ ወደ ክርክር ቢሄድ ደግሞ «ሕመም የለባትም» ብለው የሞሉት መጠይቅ በራስዎ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ ሕመም ካለ ይናገሩ፤ ከጥናቱ ብትወጣም ትውጣ። ከሌለ ደግሞ ምስሉ ላይ ያልታሰበ ችግር ቢታይ ማን፣ በስንት ቀን እንደሚያሳውቅዎና የቀጣዩን ሕክምና ወጪ ማን እንደሚችል ቅጹ ላይ ይጻፍ። የቃል ተስፋ አይቀበሉ።

ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ማግኔቱ ግን ኃይለኛ ነው፦ በሰውነቷ የተተከለ መሣሪያ፣ የቀረ የብረት ፍንጣሪ ካለ አስቀድመው ያሳውቁ፤ የፀጉር ሽቦና ጌጥ ይውለቅ። ድምፁም ስለሚጮህ የጆሮ መከላከያ ይደረግላት። ሁለት ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ በደም ሥር ጋዶሊኒየም (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) ይወጋል? ማስተኛ መድኃኒትስ ይሰጣል? ለጤነኛ ልጅ ሁለቱም ጥቅም ሳይኖራቸው አደጋ ይጨምራሉ። አንዱ እንኳ ካለ ጠበቃም ሐኪምም ሳያማክሩ አይፈርሙ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጥናቱን ያጸደቀበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ በአማርኛ የተጻፈውን ማብራሪያና የፈረሙበትን ቅጽ ቅጂ ይያዙ። ምስሉ የጤና መረጃዋ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠበቃል፤ የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚተላለፍ ይጠይቁ። ጉዳት ቢደርስ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 የካሳ ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው ይህን ጊዜ ማስረጃ ሲፈልግ ይፈጀዋል።

ቅጹን ስላላየሁት ይህን እንደ መጨረሻ ምክር አይውሰዱት። ባለቤትዎ ሲመለሱ ይዛችሁት ጠበቃ ዘንድ ቅረቡ። ጉልበቷን የሚያማት ከሆነ ግን እሳቸውን አይጠብቁ፤ ነገውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።