መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ የሚጀምረው ሥራ

ጥያቄ፦ የቋንቋ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባቴ መስማት እየደከማቸው ሄዶ የማዳመጫ መሣሪያ ተገጠመላቸው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ለምን እንደሆነ ሳነብ የመስማት ተሃድሶ የሚባል ሙያ መኖሩን አወቅሁ። ልማረው እፈልጋለሁ፤ ግን የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። ሥራው መሣሪያ መግጠም ብቻ ነው? ባዮሎጂ ያላጠና ሰው ይገባበታል? የምልክት ቋንቋስ ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ የጠየቅሽኝ ሙያ ያለው እንደ አባትሽ ያለ ሰው መሣሪያውን አውልቆ እንዳይተወው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለምን እንዳወለቁት ላስረዳሽ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ከዚያ ይገባሻል።

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ፣ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። በዕድሜ፣ በኃይለኛ ጩኸት ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ከሞቱ የሰው ጆሮ አይተካቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። ሰውየው አናባቢዎችን በደንብ ይሰማል፤ እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ተነባቢዎች ግን ያመልጡታል። ብዙዎች «ድምፅህ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይገባኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። መሣሪያው ድምፅ ያጎላል፤ የተጎዳው ጆሮ ያጣውን ድምፅን ከድምፅ የመለየት ችሎታ ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። በዚያ ላይ ለዓመታት ያልተሰማ የወረቀት ኮሽታ፣ የሳህን ግጭት፣ የራስ ድምፅ ጭምር ባንድ ጊዜ ይመጣል። አንጎል ይህን ለመልመድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «አይረባም» ብሎ ቢያወልቀው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ፦ መግጠም የሥራው መነሻ ነው። ተሃድሶው የሚጀምረው ባለሙያው «የማንን ንግግር መስማት አቃተዎት? የትስ ቦታ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። አንዱ የልጅ ልጁን በስልክ ማነጋገር ይፈልጋል፤ ሌላዋ ስብሰባ ላይ ማን ምን እንዳለ መከታተል። የሥልጠናው ግብ የሚተለመው ከዚያ መልስ ነው። አንድ ዓይነት የምርመራ ውጤት ያላቸው ሁለት ሰዎች ፈጽሞ የተለያየ ሥልጠና ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

የማዳመጥ ልምምዱ ደረጃ አለው፦ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ማወቅ፣ ሁለት ድምፆች መለያየታቸውን ማስተዋል፣ የተባለውን ቃል መለየት፣ በመጨረሻም ንግግሩን መረዳት። ጸጥ ባለ ክፍል ከአንድ ሰው ጋር ይጀመርና ቀስ በቀስ ጫጫታ ይጨመርበታል። በቀዶ ሕክምና ኮክሊያር ኢምፕላንት (የመስማት ነርቭን የሚያነቃ፣ በጆሮ ውስጥ የሚተከል መሣሪያ) የገባለት ሰው ደግሞ ነርቩ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ስለሚነቃ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ እንግዳ ይሆንበታል፤ ያለ ልምምድ ብዙም አይጠቀምበትም። ከሕፃናት ጋር ከሠራሽ ጊዜው ይጣደፋል። የተለመደው መመሪያ የመስማት ልየታ (የመጀመሪያ ፍተሻ) እስከ 1 ወር፣ የተሟላ ምርመራ እስከ 3 ወር፣ ድጋፍ መጀመር እስከ 6 ወር ዕድሜ ድረስ ይላል፤ ቋንቋ የሚገነባበት ዘመን ስለማይጠብቅ።

የከንፈር ንባብም አለ፤ የቋንቋ ተማሪነትሽ የሚጠቅምሽም እዚህ ነው። መስታወት ፊት ቆመሽ ድምፅ ሳታወጪ «በራ» ከዚያም «መራ» በዪ፤ ከንፈርሽ አንድ ዓይነት ነው የሚንቀሳቀሰው። «ገባ» እና «ቀባ»ም ልዩነታቸው የሚፈጠረው ከአፍ ወደ ኋላ ስለሆነ ከፊት አይለይም። እንግዲህ ከንፈር አንባቢው የሚጎድለውን ከዐረፍተ ነገሩ አገባብና ከርእሰ ጉዳዩ እየገመተ ይሞላል። የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደሚምታታ፣ የትኛው ቃል ከአገባቡ እንደሚገመት ማወቅ የአንቺ ትምህርት ነው። በየቋንቋው የሚዘጋጅ የልምምድ ቁሳቁስ ይህን እውቀት ይፈልጋል፤ ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ የመጣ የቃላት ዝርዝር ለዚህ አይሆንም።

እኔ ግን ትልቁ ሥራ ከቤተሰብ ጋር የሚሠራው ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዎች ከሌላ ክፍል ሆነው ይጣራሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ፣ ብርሃን ከኋላቸው አድርገው ፊታቸውን ያጨልማሉ። አልሰማ ሲላቸው ይጮሃሉ፤ ጩኸት ደግሞ አናባቢውን ያገዝፋል እንጂ የጠፋውን ተነባቢ አያመጣም፣ የአፍን ቅርጽም ያዛባል። ቀረብ ማለት ይሻላል፦ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ያልተሰማውን ዐረፍተ ነገር ያንኑ ከመደጋገም በሌላ ቃል ማለትም ይረዳል። ሰሚው ደግሞ «ምን?» ከማለት ይልቅ «በስንት ሰዓት ነው ያልሽው?» ብሎ የጎደለውን ብቻ መጠየቅ ይሰለጥናል፤ ተናጋሪው ያን ጊዜ የተሰማውንና ያልተሰማውን ያውቃል። ከሁሉ የሚጎዳው ቤተሰብ ተሰላችቶ «ተወው፣ ምንም አይደል» የሚለው ነው። ይህን ደጋግሞ የሰማ ሰው መጠየቅ ያቆማል፤ ከዚያም ጨዋታ ላይ መቀመጡን ያቆማል። አንዲት ባለሙያ ይህን ልማድ ከአንድ ቤት ካስወገደች ብዙ ሠርታለች።

ይህ አመለካከት አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መስማታቸው ተጎድቶ ለተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች በተቋቋሙ ማዕከላት ውስጥ መሣሪያ መምረጥ፣ የከንፈር ንባብና የማዳመጥ ልምምድ አብረው ይሰጡ ነበር። በፔንሲልቬኒያ ደሾን ሆስፒታል የሠራው ሬይመንድ ካርሃርት ኦዲዮሎጂን፣ ማለትም የመስማት ምርመራና ተሃድሶን፣ ሙያ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ነው። በኋላ መሣሪያዎቹ እየተራቀቁ ሲሄዱ በየቦታው ልምምዱ ተዘንግቶ መግጠሙ ብቻ ቀረ፤ በእኔ እይታ ትልቅ ጉድለት ነው።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም መሆን አይጠበቅብሽም። በዋናነት ወደዚህ ሥራ የሚያስገቡት ኦዲዮሎጂ እና የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ናቸው፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆች መምህርነትም ሌላው በር ነው። የትምህርቱ ርዝመት ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ለኦዲዮሎጂስትነት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት የሚወስድ የሙያ ዶክትሬት ይጠየቃል፤ በብሪታንያ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ መጀመር ይቻላል፤ በሕንድ ደግሞ ኦዲዮሎጂና የንግግር ሕክምና በአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣሉ። ከቋንቋ ትምህርት የሚመጡ አመልካቾችን የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቀድመሽ የሰውነት አሠራር፣ የድምፅ ፊዚክስና ስታቲስቲክስ እንድትወስጂ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። እነዚህን አሁኑኑ፣ ሳትመረቂ ብትጀምሪ ጊዜ ታተርፊያለሽ።

የሥራ ዕድሉ አያስጨንቅሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የተወሰነ የመስማት ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 430 ሚሊዮኑ ተሃድሶ እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል፤ በ2050 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 2.5 ቢሊዮን ይጠጋል። ይልቅ የሚያስጨንቀው የሥራው ጠባይ ነው። ለውጡ አዝጋሚ ነው። ተመርምረው ከወጡ በኋላ የሚናደዱብሽ፣ መስማታቸው እንደቀነሰ ማመን የማይፈልጉ ሰዎች ይመጣሉ። ያንኑ ነገር ፊት ሳያጠቁሩ አሥር ጊዜ መናገር የሚከብደው ሰው በዚህ ሥራ ይጎዳል፤ ሌላውንም ይጎዳል።

የምልክት ቋንቋን በተመለከተ፣ አዎ፣ ብትማሪው ይሻላል። መስማታቸው በዕድሜ የደከመ ሰዎች አብዛኞቹ አይጠቀሙበትም፤ ነገር ግን በምልክት ቋንቋ ያደጉ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ታማሚ አይቆጥሩም፣ ሙሉ ቋንቋና ማኅበረሰብ አላቸው። በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ትምህርት በንግግር ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች በእጃቸው እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። ውሳኔው በይፋ ውድቅ የተደረገው በ2010 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ላይ በተካሄደው ጉባኤ ነው። የመስማት ልምምድ የምትሰጪው ለሚፈልገው ሰው እንደሆነ፣ ሌላ መንገድ የመረጠውም እንዳልተሳሳተ ከመጀመሪያው ብታውቂ የተሻለ ባለሙያ ትሆኛለሽ።

ከመመዝገብሽ በፊት በአንድ የመስማት ክሊኒክ ተመልካች ሆነሽ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠይቂ። ምርመራውን ብቻ አይተሽ አትውጪ፤ ባለጉዳዩ ለክትትል ሲመለስ ያለውን ቀጠሮ አስፈቅደሽ ተከታተይ። የምታመለክቺበትን ፕሮግራም ደግሞ እነዚህን ጠይቂ፦ የተሃድሶ ትምህርት ስንት ሰዓት አለው? በባለሙያ ቁጥጥር የሚደረገው የክሊኒክ ልምምድ ከምርመራ ውጭ ምን ያካትታል? የቤተሰብ ሥልጠና ተማሪው ራሱ ይመራል ወይስ ከዳር ሆኖ ያያል? መልሳቸው ስለ መሣሪያ ብቻ ከሆነ ሌላ ፕሮግራም ፈልጊ።