በሜዳው የተሸነፈ ቡድን እንዴት ዋንጫ ይበላል?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ላይ የአሜሪካን ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት) ቡድናቸው በገዛ ሜዳው በሚቺጋን ተሸነፈ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ጥር ላይ ደግሞ «የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆንን!» ብሎ ደወለ። እኔ የማውቀው የእንግሊዝን ኳስ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?
ጋ. ከፒያሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁ እውነቱን ነው። የኮሌጅ ፉትቦል እንደ ፕሪሚየር ሊግ ነጥብ ተደምሮ አያልቅም። መደበኛው ውድድር ሲጠናቀቅ አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ ለጥሎ ማለፉ ቡድኖች ይመርጣል። እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚገቡት 4 ብቻ ነበሩ። በ2024 ግን 12 ሆኑ። ኦሃዮ ስቴት ቀደም ሲል በኦሪገንም 32 ለ 31 ተሸንፏል። በድሮው ሕግ ቢሆን ውድድሩን በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው።

የሚቺጋኑ 13 ለ 10 ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ጨዋታው ለእነሱ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ነው፤ ሲሸነፉም ለተከታታይ 4ኛ ዓመት ነው። የሚቺጋን ልጆች ባንዲራቸውን ሜዳው መሀል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሳ። ፖሊስ ዓይን የሚያቃጥል ነገር እስከ መርጨት ደረሰ። ባንዲራውን ከእንጨቱ ላይ ነጥቆ የገነጠለው ጃክ ሶየር የሚባል ተከላካይ ነው። የኮሎምበስ አካባቢ ልጅ ነው፤ ስሙን ያዙልኝ።

ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ቡድኑ ሌላ ሆኖ መጣ። ቴነሲን 42 ለ 17፣ ኦሪገንን 41 ለ 21 ሸኘ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ቴክሳስ 21 ለ 14 እየተመራ ጎሉ አፋፍ ላይ ደረሰ። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ሶየር የቴክሳሱ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳስ ወርዋሪው) ክዊን ኢወርስ ላይ ደረሰና ኳሷን ከእጁ አስጣለው። ራሱ አነሳት፤ 83 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ኢወርስ ደግሞ ኦሃዮ ስቴት ሳለ ከሶየር ጋር አንድ ክፍል ይኖር ነበር! እኔን ከጠየቁኝ ዋንጫው የተበላው እዚያች ላይ ነው።

ፍጻሜው ጥር 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ነበር። ኖትርዳም ከ31 ለ 7 ተነስቶ 31 ለ 23 አደረሰና ሰው አስጨነቀ። የኦሃዮ ስቴቱ ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ ለአንደኛ ዓመቱ ጀረማያ ስሚዝ የ56 ያርድ ኳስ ላከለትና ነገሩ አበቃ። ውጤቱ 34 ለ 23።

ለልጁ እንኳን ደስ ያለህ ይበሉልኝ። የሚቺጋንን ስም ግን አያንሱበት።